ከብስክሌቴ መውረድ ያቃተኝ ጠዋት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከተማችን ከዳር እስከ ዳር ትቆፈር በነበረበት ዘመን ነው። ከመገናኛ ወደ አያት የሚወስደው መንገድ ለባቡሩ ሐዲድ ሲባል ተገልብጦ፣ በጉርድ ሾላ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ አቧራ ሲቅም ይውል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። እኔ ግን ዛሬም ጫማዬን ባሰርኩ ቁጥር፣ ማለቴ ባለቤቴ ባሰረችልኝ ቁጥር፣ ያ ጠዋት ትዝ ይለኛል። ልጆቼ ታሪኩን በየድግሱ እያወሩ በየጊዜው ስለሚጨምሩበት፣ እውነቱን ራሴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከዳሌዬ ልጀምር። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር የሳሎኑን አምፖል ልቀይር ወንበር ላይ ወጣሁ። ባለቤቴ ሙሉነሽ «ተው፣ ልጆቹ ይመጣሉ» ብላኝ ነበር። አምፖሉ ተቀየረ፤ የቀኝ ዳሌዬም ተሰበረ። ብረት ገባበት። ስምንት ወር ሙሉ ሙሉነሽ አገላበጠችኝ፣ አጠበችኝ፣ ለሰው የማይነገረውን ሁሉ አደረገችልኝ። አንድ ቀን እንኳ ስለ አምፖሉ አላነሳችብኝም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ ቆሜ መሄድ ስጀምር ሐኪሙ «የእግር መንገድ ካመመዎት ብስክሌት ይሞክሩ» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። በወጣትነቴ በብስክሌት እወዳደር ነበር፤ አንድ ጊዜም ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ተወዳዳሪዎቹ ስንት ነበሩ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሐኪሙ ግን ጣቱን ቀስሮ እንዲህ አለኝ፦ «አባቴ፣ አንድ ነገር ብቻ። በዚያ ጎን ሁለተኛ ከወደቁ፣ ከአልጋ መነሳትዎን እንጃ።»

ብስክሌቱ ተስማማኝ። ችግሩ የቀኝ እግሬ ነበር። ዳሌዬ በብረት ከተጠገነ በኋላ እግሬ እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ ሳላስበው ከፔዳሉ ላይ ይንሸራተታል። ሁለት ጊዜ ልወድቅ ስል ተረፍኩ። ስለዚህ እግርን ነክሶ የሚይዘውን ፔዳል ልገዛ ወሰንኩ።

ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ መሃል፣ ኮንቴይነር ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን ሰለሞን የሚባል የድሮ ተወዳዳሪ አለ። ፔዳሉንም ጫማውንም አወጣልኝ። ጫማው ሶሉ ሥር ክሊት የሚሉት የእጅ መዳፍ የምታህል ፕላስቲክ በሦስት ብሎን ይታሰርበታል። እሷን ፔዳሉ ላይ ስትረግጧት ቀጭ ብላ ትነከሳለች። ሰለሞን ሁለት ዓይነት ክሊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ።

«ጋሼ፣ ቀዩ እግርን ቀጥ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ንቅንቅ የለም። ቢጫው ተረከዝዎ ወዲያና ወዲህ ትንሽ እንዲል ይተወዋል። ለጉልበትዎም ለዳሌዎም የሚመችዎት ቢጫው ነው።»

«ቀዩን እነማን ናቸው የሚያደርጉት?»

«ተወዳዳሪዎች ናቸዋ።»

«በል ቀዩን እሰርልኝ።»

«ኧረ ጋሼ…»

«ቀዩን አልኩህ እኮ።»

ሰለሞን ሰው አክባሪ ነው፤ አሰረልኝ። ከዚያ ኮንቴይነሩን አስደግፎ አለማመደኝ። «ሲወጡ መሳብ የለም» አለኝ። «ቢስቡት ፔዳሉ ይብሳል። ተረከዝዎን ወደ ውጭ ይጠምዝዙ፤ በቃ። ብሎኖቹን ደግሞ በየሳምንቱ ያጥብቁ።» ጠመዘዝኩ፤ ቀጭ ብሎ ለቀቀኝ። ሃያ ጊዜ ገባሁ፣ ሃያ ጊዜ ወጣሁ። ጎበዝ ተባልኩ። እኔን ጎበዝ ማለት ለጤናዬ ጥሩ አይደለም።

በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቴን መርፌ ይወጋው ጀመር። ሰለሞን እንዳለው ተረከዜ ትንሽ መወዛወዝ ፈልጓል። ያኔ ወሎ ሰፈር ተመልሼ «ልክ ነበርክ፣ ቢጫውን ስጠኝ» ማለት ነበረብኝ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ላለመናገር ስል መላ ፈጠርኩ። ትንሿን ቁልፍ አነሳሁና የክሊቶቹን ብሎኖች በግማሽ ዙር አላላኋቸው። ተመቸኝ! በማግስቱ ደግሞ ግማሽ ዙር ጨመርኩ። የሁለቱንም ጫማ እኩል፤ አላዳላሁም። ተረከዜ መወዛወዝ ጀመረ፣ ጉልበቴ ዝም አለ፤ እኔም ሰለሞን ያላወቀውን ያወቅሁ መሐንዲስ ሆንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዳሌዬ እስከ መጨረሻው ስለማይታጠፍ እግሬ ዘንድ መድረስ አልችልም፤ ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው ሙሉነሽ ተንበርክካ የጫማዬን ማሰሪያ ታስርልኛለች።

«እኔ እዚህ አስሬ እሰድሃለሁ» አለች። «መንገድ ላይ ቢቆረቁርህ ማን ይፈታልሃል?»

«ተወዳዳሪ መንገድ ላይ ጫማ አይፈታም።»

«ተወዳዳሪ ሚስቱንም ጫማ አያሳስርም» ብላ ባቴን በጥፊ መታ አድርጋ አስነሳችኝ።

አያት ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ጥሩ ነበርኩ፤ ለራሴ እያፏጨሁ ነበር። ከጉርድ ሾላ ከፍ ብሎ አንድ አደባባይ ነበር፤ ዛሬ ፈርሶ መብራት ሆኗል። እዚያ ስደርስ ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ በመኪና ተጠቅጥቋል። አንድ አስፋልት ቆፋሪ ማሽን መሃል መንገድ ላይ ቆሟል፤ ማንም አያልፍም። መቆም አለብኝ። ፍጥነቴን ቀነስኩና የቀኝ ተረከዜን ወደ ውጭ ጠመዘዝኩ።

ጫማዬ ዞረ። ክሊቱ ግን አልዞረም።

እንደገና ጠመዘዝኩ። ጫማው እንደ በር ማጠፊያ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሥሩ ያለችው ቀይ ፕላስቲክ ፔዳሉ ውስጥ ተቀርቅራ ንቅንቅ የለም። ያላላኋቸው ብሎኖች መንገድ ላይ ረግፈው አንዷ ብቻ ቀርታ ኖሯል፤ ጫማዬ በእሷ ላይ ይሾራል። ግራውን ሞከርኩ። ግራውም ያው። አላዳላሁም ብያችሁ የለ።

ሁለቱም እግሮቼ ከብስክሌቱ ጋር ተሰፍተዋል። ከቆምኩ እወድቃለሁ። በቀኜ ለቧንቧ የተቆፈረ ቦይ አለ፤ ከእኔ ቁመት ይጠልቃል። በግራዬ የአደባባዩ የብረት አጥር ነው፤ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ። የምደገፍበት ግንብ የለም። ከኋላዬ ጠጠር የጫኑ ገልባጭ መኪናዎች ይመጣሉ። ያልተዘጋው መንገድ አደባባዩ ራሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዞርኩ።

የመጀመሪያውን ዙር በጸጥታ ዞርኩ። አንዱን አስቁሜ «ያዘኝ» ልለው ይገባኝ ነበር። ግን ያን የተጣበቀ ቁምጣ ለብሼ፣ ያን ራስ ቁር ደፍቼ፣ «ከብስክሌት መውረድ አቃተኝ» ይባላል? ሁለተኛውንም በጸጥታ ዞርኩ። ምናልባት መንገዱ ይከፈት ይሆናል አልኩ። በሦስተኛው መንገዱ ይበልጥ ተዘጋ።

በአራተኛው ለትራፊክ ፖሊሱ እጄን አነሳሁለት፤ ና ድረስልኝ ማለቴ ነበር። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። ይባስ ብሎ መኪናዎቹን አስቁሞ «ይለፉ አባት!» ብሎ አሳለፈኝ። አስቁሙኝ ብሎ ሲለምን መንገድ የተከፈተለት ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በአምስተኛው ኩራቴ አለቀ። ጥግ ላይ ቁርስ ይበሉ ለነበሩ የቀን ሠራተኞች «ያዙኝ! እባካችሁ ያዙኝ!» ብዬ ጮህኩ። እነሱ ደግሞ ለስፖርተኛ የሚባለውን አሉኝ። «በርቱ አባባ! አይዞን!» አጨበጨቡልኝ፤ አንዷ እልል አለች። አልዋሽም፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ደረቴ ትንሽ ነፋ አለ። ጸጸቱ የመጣው ስድስተኛውን ዙር ስጀምር ነው።

አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ፋዘር! ደከመዎት እንዴ? ግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን!» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም።

ከሰባተኛው በኋላ ጭኖቼ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አፌ ደረቀ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አስፋልቱና ቦዩ አልለይ አሉኝ። ብስክሌቱ ፍጥነቱ ሲቀንስ መንገዳገድ ጀመረ፤ ደግሜ እረግጣለሁ፣ ደግሜ እቀንሳለሁ። ከዚህ በኋላ ሦስት ዙር፣ ቢበዛ አራት። ከዚያ በቀኜ በኩል እሄዳለሁ። ይህን እንደ ሂሳብ ነበር የማውቀው።

ያኔ ያሰብኩት ስለ ሞት አልነበረም። መሞትስ አንድ ነገር ነው። ያሰብኩት ስለዚያች አልጋ ነው። ሙሉነሽ ጎኔን ስትገለብጥ ወገቧን ይዛ የምትተነፍሰውን ትንፋሽ ሰማሁት። አሮጊት ሆናለች እኮ። ያን ስምንት ወር ከየት አምጥታ ቻለችው? አሁን ደግሞ ስምንት ወር አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ነው። ለምን? ባሏ ቀይ ቀለም ስለወደደ። አልቅሼ ነበር። ላብ መስሎ እንዲያልፍልኝ ፊቴን አልጠረግሁም።

«ሙሌ ይቅር በይኝ» እያልኩ ዘጠነኛውን ጨረስኩ።

ከአደባባዩ ማዶ በእንጨት መወጣጫ የተከበበ ጅምር ሕንፃ ነበር። በሩ ላይ ካፖርት የለበሱ፣ ዱላ የያዙ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጠዋል። ባለፍኩ ቁጥር አያቸው ነበር። እሳቸው አላጨበጨቡም፤ ዝም ብለው እግሬን ያዩ ነበር። በአሥረኛው ዙር ከመቀመጫቸው ተነስተዋል። በአሥራ አንደኛው ዱላቸውን ጥለው አስፋልቱ ላይ ወጥተዋል።

«አንተ ሰው!» አሉኝ። «ያንተ ነገር ስፖርት አይደለም!»

«አይደለም!» አልኩ። «እግሬ ተይዟል! ከወደቅሁ አለቀልኝ፣ ዳሌዬ ብረት ነው!»

ከዚያ ያደረጉትን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ከፊቴ አልቆሙም። ከጎኔ መሮጥ ጀመሩ። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም፤ በኮንጎ ጫማ እየሮጡ አንድ እጃቸውን ከመቀመጫዬ ኋላ፣ አንዱን መሪው ላይ አደረጉ። «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ፤ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። ለእኔ ይሁን ለብስክሌቱ የሚናገሩት አላወቅሁም። የሸሸ ፈረስ እንደሚይዝ ሰው ቀስ በቀስ ፍጥነቴን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ቆምን። መላ ክብደቴ ትከሻቸው ላይ ሆነ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ችግር እንዳለ የገባው ሰው ሁሉ ሮጦ መጣ። የአገራችን ሰው ደግነቱ አይጣል ነው፤ ማንም ባዶ እጁን አይቆምም። የቀን ሠራተኞቹ፣ የታክሲው ረዳት፣ ፖሊሱም ጭምር ደረሱ። አንዱ ቀኝ እግሬን ያዘ፣ ሁለቱ ግራዬን ያዙ፣ አንዱ ብብቴን ያዘ።

«ሳብ! በአንድ ላይ! ሳብ!»

«መሳብ የለም!» ብዬ ጮህኩ። ሰለሞን እንዳለውም በሳቡት ቁጥር ፔዳሉ ባሰበት። እንዲያውም ሲስቡኝ ብስክሌቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቦዩ ያዘነብል ጀመር። አሥራ አንድ ዙር ከመውደቅ የተረፍኩ ሰውዬ በእርዳታ ብዛት ልወድቅ ሆነ። «ዳሌዬን! ዳሌዬን!» እላለሁ፤ ማን ይስማኝ።

ሽማግሌው በአንድ ጩኸት ሁሉንም አስለቀቁ። «ልቀቁት! በሬ ነው እንዴ እየጎተታችሁ የምታርዱት?» ቀጥለው አንዲት ወፍራም እጅ ያላትን የሲሚንቶ ሠራተኛ በስሟ ጠሩ። «ፋጤ፣ አንቺ ነይ። በዚህ ጎን ቁሚና ግድግዳ ሁኚ። እንዳትስቢ፤ ቁሚ ብቻ።» ፋጤ መጥታ በቀኜ ግድግዳ ሆነችልኝ። «ይደገፉኝ አባባ፣ አልንቀሳቀስም» አለች። እውነትም አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ እሳቸው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። ፔዳሉን አዩት፤ ጫማውን አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር መግለጽ ይከብደኛል።

«ስማ ወንድሜ። የተያዘው ጫማህ ነው ወይስ እግርህ?»

ቁልቁል ጫማዬን አየሁት።

ጫማዬን የሚያስሩትን ሦስቱን ተለጣፊ ማሰሪያዎች ቀር፣ ቀር፣ ቀር አድርገው ፈቱ። ተረከዜን በመዳፋቸው ይዘው እግሬን ከጫማው አወጡት። ጫማው ፔዳሉ ላይ ቀረ። ግራውንም እንደዚያው። በቃ።

ሕዝቡ የሳቀውን ሳቅ አያት ድረስ ሳይሰሙት አይቀሩም። እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ ፋጤ ላይ ተዝለፈለፍኩ። እንደ ማዘል አድርጋ ወስዳ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ አስቀመጠችኝ። የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀድዶ ኖሮ ጣቴ ከተማውን ሁሉ ሲያይ ዋለ።

ሽማግሌው ውሃ አምጥተውልኝ አጠገቤ ተቀመጡ። ኦቦ ደበላ ይባላሉ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው። «ሌላው ሁሉ ሲያጨበጭብ?»

በአገጫቸው አደባባዩን አሳዩኝ። «ይሄ ቦታ አውድማችን ነበር። እኔና ወንድሜ ጤፍ እናበራይበት ነበር። በሬ ዙር ሲበዛበት እግሩን እንዴት እንደሚያነሳ አውቃለሁ።» ቀጥለውም «በሬ ግን ሲደክመው ይቆማል» አሉኝ። «ምን ይዞህ ነው እስከዚህ ሳትናገር የቆየኸው?»

ያመጡልኝን ውሃ ጠጣሁ።

ዘበኛ ቤታቸው ውስጥ ያለችውን ትርፍ ኮንጎ አምጥተው ተንበርክከው አጠለቁልኝ። ብስክሌቱን እየገፋሁ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከላይ ሙሉ ተወዳዳሪ፣ ከታች ኮንጎ። ሁለቱ ጫማዎቼ ፔዳሎቹ ላይ እንደተነከሱ ከጎኔ ይዞራሉ፤ የማይታይ ሰው ብስክሌቱን የሚነዳ ይመስላል። ያላየኝ ሰው ካለ ዓይነ ስውር ነው።

ሙሉነሽ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ እግሬን፣ ከዚያ ብስክሌቱን አየች። ሁሉንም ነገርኳት። አምፖሉን እንኳ ጨምሬ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ማን ፈታልህ?» አለች።

«አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ። አስፋልት ላይ ተንበርክከው።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ኮንጎዎቹን ከእግሬ አወለቀችና ወስዳ አጠበቻቸው። በማግስቱ ልንመልሳቸው አብረን ሄድን። ኦቦ ደበላ «ያዘው፣ እንዳንተ ላለ ሰው ያስፈልጋል» ብለው አልቀበልም አሉ። ሰኞ ወሎ ሰፈር ሄድኩ። ሰለሞን የክሊቶቹን ብሎኖች ቆጠረ፣ እኔን አየኝና ቢጫውን አወጣ። «ልክ ነበርክ» አልኩት። ስናገረው ያን ያህል አላመመኝም።

ያ ሕንፃ አሁን አልቆ መስታወት በመስታወት ሆኗል። ኦቦ ደበላም ወደ ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ ቆዩ፤ ባለፍኩ ቁጥር በሩን አያለሁ። ስለዚያ ቀን ሳስብ የሚያመኝ ሊያገኘኝ የነበረው አደጋ አይደለም። የሚያመኝ እነዚያ አራት ዝም ብዬ የዞርኳቸው ዙሮች ናቸው። ሙሉነሽ ልታነሳው የማትችለውን ሸክም ልጥልባት ተቃርቤ፣ እኔ ሰው እንዳይስቅብኝ እጠነቀቅ ነበር።

ዛሬም እጋልባለሁ፤ በቢጫው። ሙሉነሽ ማሰሪያውን አስራ ስትጨርስ ጫማዬን ገልብጣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ትነካካለች። ከዚያ በየጠዋቱ ያው ጥያቄ ነው።

«ዛሬ ቢይዝህስ?»

«እጮሃለሁ።»

«በስንተኛው ዙር?»

«በመጀመሪያው» እላታለሁ። ያኔ ባቴን መታ አድርጋ ትለቀኛለች።